ወረቀታቸው የተላጠ ሁለት ሸክላዎች

ጋዜጠኛዋ፣
ቁልፌን ለአከራያችን ሰጥቻለሁ። ምሳሽ ድስቱ ውስጥ አለ፤ አሙቂው።

ለዛሬው የቀጥታ የሬዲዮ ስርጭትሽ የጻፍኩልሽ የሁለቱ የሙዚቃ ሸክላዎች ማነጻጸሪያ ጠረጴዛው ላይ ነው። እንደ ሁልጊዜው የራስሽ አስመስለሽ አንብቢው። የድሮው የብሉዝ ዘፈን በአንደኛው አዲስ እትም ላይ ከነመንቋቋቱ ነው፤ ዘፋኟ ትንፋሽ ስትስብ፣ ወለሉን በእግሯ ስትመታ ይሰማል። በሌላኛው ላይ ጫጫታውን ሲያጸዱ ትንፋሿንም አብረው ጠርገውታል።

የሁለቱንም ሸክላዎች ስም የተጻፈበትን የመሃል ወረቀት ግን በሙቅ ውሃ ላጥኩት። የትኛው የትኛው እንደሆነ በጆሮሽ ለዪ።

ትናንት በእንግዶችሽ ፊት፣ "እሷ እኮ የሸክላ አቧራ ጠራጊዬ ናት!" ብለሽ አሳቅሻቸው።
እኔም ሳቅኩ።

ዘፈኑ ሦስት ደቂቃ ብቻ ነው፤ ሁለቴም ሦስቴም ለመስማት ጊዜ አለሽ።
ለትናንት እንግዶችሽ አንድ በአንድ ደውዬ፣ የዛሬው ስርጭት እንዳያመልጣችሁ ብያቸዋለሁ።