አባዬ የቆረጠው ደን

ጥቅምት 4
ቢሮ እንደወትሮው። የጎብኚ ፈቃድ፣ ማኅተም፣ ስልክ፣ ደግሞ ማኅተም። ከሰዓት ኃላፊዋ ጠራችኝ። የፓርኩ ተራራማ ክፍል መግቢያ ላይ ትልቅ ሰሌዳ ሊቆም ነው። ታሪኩንና በውስጡ ያለውን "አንቺ ጻፊው፣ ጽሑፍሽ ለዛ አለው" አለችኝ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሰው ወደዚያ ስሸኝ ኖሬ እኔ ከበሩ አልፌ አላውቅም። ለማን ይነገራል?

ጥቅምት 5
ፋይሉ ሦስት ገጽ። ከታች ቀርከሃ፣ መሃል ትልልቅ ዛፎች፣ ከላይ ሣርና ቋጥኝ፣ ጫፉ ሥር ሐይቅ። ከአርባ ዓመት በፊት ወደ ፓርኩ ተጨመረ። "የሰው እጅ ያልነካው ደን" ይላል። ደስ ሲል! እንዳለ ገለበጥኩት።

ጥቅምት 6
እራት ላይ ለአባዬ አነበብኩለት። ተራራው ላይ ሠላሳ ዓመት ጥበቃ ነበር። እማዬ ካረፈች ወዲህ ግን ከመስኮቱ ሥር አይነሳም፣ ቃል የሚወጣው በስንት ልመና። "የሰው እጅ ያልነካው" ስል ማንኪያውን አስቀመጠ።
"ውሸት ነው።"
"እንዴት አባዬ?"
"እኔ ነክቼዋለሁ።"
ተነስቶ ወደ መስኮቱ ሄደ።

ጥቅምት 7
ዛሬ ራሱ ጀመረው። ከፓርኩ በፊት እዚያ የእንጨት መሰንጠቂያ ነበር። አባዬ ስድስት ዓመት መጋዝ ይዞ ዛፍ ሲጥል ኖሯል። የተራራው ወገብ ራሰ በራ ሆነ። ምንጮቹ ደረቁ። ታች ያለው ሰው ውሃ ሲያጣ "በቃ" ብሎ ተነሳ፣ መሰንጠቂያው ተዘጋ፣ ተራራው ለፓርኩ ተሰጠ። ቆራጮቹንም ጥበቃ አድርገው ቀጠሯቸው። ችግኝ ተከሉ።
"ለምን አልነገርከኝም?"
"ምን ብዬ? አባትሽ ተራራ ላጨ ብዬ?"
ሳቄ አመለጠኝ። እሱም ሳቀ። ከስንት ጊዜ በኋላ...

ጥቅምት 10
ለኃላፊዋ ነገርኳት። ፊቷ ተለዋወጠ። "ተጨፍጭፎ ነበር የሚል ሰሌዳ አንብቦ ማን ይገባል? ያልተነካ በይና ጨርሺው።" እሺ አልኩ። ለምን እሺ አልኩ?

ጥቅምት 11
ከአባዬ አልደበቅኩትም። ብዙ አሰበና "ቅዳሜ ይዘሻት ነይ፣ እኔ አወጣችኋለሁ" አለ። በሰባ አንድ ዓመቱ! ኃላፊዋ ደግሞ እምቢ ትላለች ስል እሺ አለች። እሷም ከቢሮ መውጣት አምሯት ነበር መሰለኝ።

ጥቅምት 14
እግሬ ዝሏል፣ ግን ካልጻፍኩት አልተኛም። ቀርከሃው ውስጥ ሰማይ አይታይም። እኔና ኃላፊዋ ቁና ቁና ስንተነፍስ አባዬ የመንገዱ መታጠፊያ ላይ ቆሞ ይጠብቀናል። "ቀስ በሉ ልጆቼ፣ ተራራው የትም አይሄድም።"
ከቀርከሃው በላይ መሰንጠቂያው ጋ ደረስን። የዛገ መጋዝ፣ የወደቀ ቆርቆሮ... ዙሪያውን ግን ጫካ። አባዬ አንዱን ዛፍ መታ መታ አደረገው። "ይሄን አንቺ የተወለድሽ ዓመት ነው የተከልኩት።" እኔና ኃላፊዋ እጅ ለእጅ ተያይዘን አቀፍነው፣ እንደምንም ደረሰልን።
"ስንት ተከላችሁ፣ አባቴ?" አለችው።
"ሁለተኛው ክረምት ላይ መቁጠር ተውን።"
ዛፉን ዳሰሰች፣ ቀና ብላ አየችው። ሐይቁ ዳር ቁጭ ስንል ወደ እኔ ዞረች። "እንዳለ ጻፊው። ምንም ሳትቀንሺ።"

ኅዳር 21
ሰሌዳው ቆመ። "ይህ ደን ተቆርጦ ነበር። የቆረጡት ሰዎች መልሰው ተከሉት።" አባዬ መነጽሩን አድርጎ ሁለቴ አነበበው። "ፊደሉ ትንሽ አነሰ" አለ።

ጥር 8
አባዬ አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ጎብኚ ይመራል። ከመስኮቱ ሥር ያለው ወንበሩ ላይ እኔ ነኝ የምቀመጠው። ዛሬ ግን ከሰልፉ ኋላ ተከተልኩት። ሰሌዳው ጋ አንዲት ጎብኚ "ይሄን ሁሉ የቆረጠው ማነው?" አለች። እኔ ጫማዬን አየሁ።
"እኔ" አለ አባዬ፣ ድምፁ ሳይሰበር። "ኑ፣ የተከልኩትን ላሳያችሁ።"
ብሎ ቀድሞ ወጣ። ሮጬ ነው የደረስኩበት።