ነጠላ የለበሰው ጅብ

ኦክላንድ፣ ጥቅምት 1986 እ.ኤ.አ.

ውድ የእህቴ ልጅ ተክለጻድቅ፣

እንደምን አለህ ብዬ ወረቀት አላበላሽም፤ ደህና መሆንህን ሰዎች ነግረውኛል። የምጽፍልህ ስለ ሳህኔ ነው። ያ ሰማያዊ ክዳን ያለው፣ ከፋሲካ የተረፈውን ዶሮ ይዘህበት የሄድከው ሳህን ይኸው ሁለት ዓመት አለፈው፣ አልተመለሰም። አሁን ምሳዬን የምቋጥረው በአይስክሬም ዕቃ ነው፤ ክዳኑ ላይ የተሳለችው ላም ዓይን ዓይኔን እያየችኝ መብላት ሰልችቶኛል። እናትህ እጅጋየሁ ብትኖር ታፍርብህ ነበር። እሷ የሰው ሳህን አታሳድርም። ስትመልስም ባዶውን አትመልስም፤ ሌላው ቢጠፋ እፍኝ ቆሎ ትጥልበታለች።

እንግዲህ እሷን ካነሳሁ ሳህኑን ልተወውና ወደ ጉዳዬ ልግባ።

የጥልፍ ሱቄን ታውቃታለህ። የትምህርት ቤት አርማ፣ የቤዝቦል ቡድን ስም፣ የነዳጅ ማደያ ሠራተኞች ስም እየጠለፍኩ ነው የኖርኩት። ትልቁ ደንበኛዬ ግን የሞተር ብስክሌተኞች ክለብ ነበር፤ «የብረት ጥንብ አንሳዎች» የሚባሉት። ሰው ሁሉ ይፈራቸዋል። እኔ ግን እንደ ጽዋ ማኅበር ነበር የማያቸው፤ የሚመራቸው ሙሴ አላቸው፣ መዋጮ አላቸው፣ ያለ ምክንያት የቀረ ይቀጣል። በሰደርያቸው ጀርባ ሦስት ጨርቅ ይሰፋል፦ ከላይ የክለቡ ስም፣ ከመሃል ሰንሰለት የነከሰ ጥንብ አንሳ፣ ከታች የአገራቸው ስም። ያንን ጥንብ አንሳ መንግሥት ዘንድ በንግድ ምልክትነት አስመዝግበውታል። ከእኔ በቀር የሚጠልፈው የለም፤ እኔም ብሆን ክለቡ በጽሑፍ ካላዘዘኝ መርፌ አላነሳም። አባል ሲወጣ ጨርቁን አስረክቦ ነው የሚሄደው። አለቃቸው ዶክ፣ ያ በር የሚሞላው ሰውዬ፣ «ጨርቁ የለባሹ አይደለም፣ የክለቡ ነው። ጠላት እጅ አንድ ክር እንኳ አያድርም» ይለኝ ነበር።

የዛሬ ሁለት ዓመት፣ በፋሲካ ማግስት፣ አንተ ሪክ የሚባለውን ረጅም ፈረንጅ ይዘህ መጣህ። ያኔ ሳኒቬል ኮምፒውተር መሥሪያ ቤት ነው የምሠራው ብለኸኝ፣ እኔም ለሰው ሁሉ «የእህቴ ልጅ የኮምፒውተር ሰው ነው» እያልኩ ስኮራብህ ነበር። ምሳ በላን። እንግዳ ነው ብዬ እንቁላሉን ለእሱ ሰጠሁት። እሱ እጁን ሊታጠብ ሲገባ ጠጋ አልከኝ።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ይተባበሩኝ። ሪክ የኔቫዳው ቅርንጫፍ አባል ነው። ሰደርያው ተቃጠለበት። ጨርቁን ይጥለፉለት።»

«የክለቡ ትእዛዝስ?»

«ሜይል አድርገውታል፣ ይደርሳል። ኖ ፕሮብሌም።»

«እንግዲያው ሲደርስ እጠልፋለሁ።»

ያኔ ቀኝ እጅህን ደረትህ ላይ አደረግህ። «ጋሼ፣ በእማዬ አፅም!»

ለዶክ ወረቀትና ፊርማ ያስፈልገዋል። እኔ ያደግሁበት ቤት ግን በሟች አፅም ከተማለ ነገር አለቀ ማለት ነው። አዝላ ያሳደገችኝ እጅጋየሁ ናት። ስትሞት እኔም አንተም ባሕር ማዶ ነበርን፤ አልቀበርናትም። የቀረን አፅሟን ጠርቶ መማል ብቻ ነው። ያንን ሰምቼ «ወረቀት አምጣ» ብልህ አንተን ሳይሆን እሷን ሐሰተኛ ማለቴ ነበር። ስለዚህ የጥልፍ መኪናዬ ላይ ተቀመጥኩና ጠለፍኩ። ከጠለፍኳቸው ሁሉ አማርኩት፤ ላባው ራሱ ነፋስ የሚያነሳው ይመስል ነበር። አንተም ሳህኔን ይዘህ፣ ጉንጬን ስመህ ሄድክ።

ባለፈው ጸደይ ዶክ በዋስ ወጥቶ ሱቄ ገባና ጋዜጣ ጠረጴዛዬ ላይ አነጠፈ። ክለቡን ፖሊስ አፍሶታል። ፎቶው ላይ ሪክ የእኔን ጥንብ አንሳ ለብሶ ቆሟል፤ ጎኑ ባለው ሌላ ፎቶ ደግሞ ክራቫት አድርጓል። ፖሊስ ነው። ከትከሻው ኋላ ግማሽ ፊት ይታያል፤ ያ ግማሽ ፊት ደግሞ የእህቴ ነው። አንተም ፖሊስ ነህ።

«ይህ ክር ያንተ ነው፣ አምሐ» አለ ዶክ።

«የእኔ ነው።»

«ማን አዘዘህ?»

«አርጅቻለሁ፣ ረሳሁት።»

«አንተ? የሚስቴን የጫማ ቁጥር ሳይቀር የምታስታውስ ሰውዬ?»

ይደበድቡኛል ብዬ ስጠብቅ ጠበቃ ላኩብኝ! የአገሩን ሕግ ሁሉ ሲጥሱ የኖሩ ሰዎች እኔን በንግድ ምልክት ሕግ ከሰሱኝ። ሱቄ ተዘጋ፤ የጥልፍ መኪናዬም እስከ ፍርዱ ታገደ። ሌላው ደንበኛ «የፖሊስ ጆሮ ነው» ብሎ ራቀኝ። ዛሬ አልባኒ ልብስ ንጽሕና ቤት ውስጥ የሰው ሱሪ እተኩሳለሁ። አንተ አንድ ቀን እንኳ ደውለህልኛል?

እንግዲህ አጎትህ ዝም ብሎ የሚቀመጥ ከመሰለህ ልጅነትህን ረስተኸዋል ማለት ነው። ቤተ መጻሕፍት እየሄድኩ፣ መዝገበ ቃላት በአንድ እጄ፣ የከሰሱኝበትን ሕግ በሌላ እጄ ይዤ አነበብኩ። ከዚያ የጎረቤቴን የወይንሸትን የጥልፍ መኪና ተዋስኩ። አንድ ምልክት ሠራሁ። መሃሉ ላይ ጅብ አለ፤ ለሐዘን እንደሚወጣ ሰው ነጠላውን አዘቅዝቆ የለበሰ፣ አጥንት የነከሰ። ከላይ «ቁርበት አንጥፉልኝ» ይላል፣ ከታች «ሳን ሆዜ»፣ የምትኖርባት ከተማ። አዎ፣ ያ የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ ያለው ጅብ ነው። በስሜ አስመዝግቤዋለሁ፤ ያለ ፈቃዴ ማንም አይጠልፈውም። ደግሞም የማልፈቅድለት ሰው የለም! በሳን ሆዜ አውሮፕላን ማረፊያ ለሚሠሩት የታክሲ ልጆቻችን ሁሉ ጃኬታቸው ላይ ሰፋሁላቸው። ብዙዎቹ የእግር ኳስ ቡድን መስሏቸዋል። ወሎዬው ኡስማን ብቻ ጠየቀኝ።

«ጋሽ አምሐ፣ ጅቡ ማነው?»

«የእህቴ ልጅ።»

«አጥንቱስ?»

«የእህቴ።»

ሳቁን ዋጠና «ወላሂ፣ እስኪቀደድ እለብሰዋለሁ» አለኝ።

ባለፈው ወር ታክሲ ተራ ቆመህ ነበር አሉ። የመጀመሪያውን ሾፌር ጀርባ አይተህ አሳለፍከው፤ ሁለተኛውንም፣ ሦስተኛውንም አሳለፍክ። መጨረሻ ላይ ሻንጣህን እየጎተትክ በአውቶቡስ ሄድክ። ኡስማን ይህን ሲነግረኝ ከሳቄ ብዛት የምተኩሰውን ሱሪ አቃጠልኩ።

ይህ ግን ትንሹ በቀሌ ነው። ትልቁ ምላሴ ላይ ነው ያለው።

ዶክ ተፈርዶበት፣ እስሩን ጨርሶ ወጥቷል። ሰኞ ዕለት ልብስ ንጽሕና ቤቱ ድረስ መጣ። «የእኛ የወንጀል ፍርድ አልቋል፣ ጨርቄ ግን አሁንም ፖሊስ መጋዘን ተቀምጧል። ቅዳሜ ከሰዓት ቤትህ እመጣለሁ። ወይ ጨርቁን ትሰጠኛለህ፣ ወይ ያዘዘህን ሰው ስም። ከሰጠኸኝ ክሱን አነሳለሁ፣ መኪናህም ይመለስልሃል» አለኝ። ካልሰጠሁትስ? አልነገረኝም። እጁን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገና ሄደ። እኔ ጨርቁን ከፖሊስ እጅ ከየት አመጣዋለሁ? ስም ግን አለኝ።

ዛሬ ቅዳሜ ነው። እነግረዋለሁ፣ ተክለጻድቅ። ያን ሁሉ ወር ያዳንኩህ አንተን ብዬ አልነበረም፤ ያንን ግማሽ ፊትህን ብዬ ነው። ምን እንደሚያደርጉህ አላጣሁትም። እንዳልራራ ብዬም ዛሬ ጠዋት የእጅጋየሁን ፎቶ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞርኩት። ይህን የምጽፍልህ ያጋለጠህ ማን እንደሆነ ከሌላ እንዳትሰማ ነው። እኔ እንደ አንተ ተደብቄ አልሠራም፤ ስሜን ጽፌ፣ ፈርሜ ነው የምበቀልህ። ፖስታውን ኡስማን ያደርስልኛል፤ ነገሩን ሁሉ ነግሬዋለሁ፤ «ጋሽ አምሐ፣ ኧረ ተው» ብሎ ለምኖኝ ነበር፤ አልተውኩም። በአፅሟ ስትምል ያልተንቀጠቀጠ ምላስ ስላለህ፣ የእኔም ምላስ ዛሬ

በሩ ተንኳኳ። የሞተር ድምፅ ግን አልሰማሁም።

መጋረጃውን ገለጥኩ። ጀርባውን የሰጠኝ ሰው ጃኬት ላይ ጅቤ አለ። ኡስማን ነው፣ ፖስታውን ሊወስድ ቀድሞ መጣ ብዬ ነበር። ዞረ። አንተ ነህ።

የኡስማንን ጃኬት ለብሰሃል፤ እጅጌው አጥሮብሃል። አፉን አልዘጋም ማለት ነው፣ ያ ወሎዬ! ክንድህ ውስጥ ሰማያዊ ክዳን ያለው ሳህን ይዘሃል። ወደ መስኮቱ አስጠግተህ ክዳኑን አነሳህልኝ። ጥንብ አንሳው ነው፤ ቁጥር የተጻፈበት የመጋዘኑ ካርድ እንኳ ገና ከጫፉ አልተፈታም። ይህን ከዚያ ያወጣ ፖሊስ ሰኞ ሥራ እንደማይገባ አንተም ታውቃለህ፣ እኔም አውቃለሁ።

አሁን የሞተሮቹ ድምፅ ከመንገዱ ጫፍ ይሰማኛል። በሩን ልክፈትልህና ጓዳ ግባ፤ ሳህኑን ለዶክ የማቀርብለት እኔ ነኝ።

ይቅር አላልኩህም። ጃኬቱንም ስታወልቅ እንዳላይህ። የእናትህን ፎቶ ግን መልሼ ወደ ቤቱ አዙሬዋለሁ፤ ሳህኑ ባዶውን እንዳልተመለሰ እሷም ትይ።

አጎትህ አምሐ