ሸራና ጃንጥላ፦ ለ«ጎማና ዝና» አዋቂዎች

በየቅዳሜው ጠዋት በአየር ሞገድ ላይ ለምትነግሡት፣ በአሮጌ መኪና ግዢም ሆነ በዘፋኞች ትዳር ጉዳይ ከፍርዳችሁ በላይ ይግባኝ ለሌለባችሁ፣ ለክቡር «ወፍራም ድምፅ» እና ለክቡር «ሳቂታው»፣ የ«ጎማና ዝና» የሬዲዮ ፕሮግራም አዘጋጆች፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብታችኋል እላለሁ። ጉሮሯችሁ ሳይዘጋ፣ ሳቃችሁ ሳይነጥፍ፣ ከምትነዷቸው መኪኖችም ፍሬን ሳይጠፋ ይህ ደብዳቤ እንዲደርሳችሁ ምኞቴ ነው። እኔ ደኅና ነኝ። አዋላጅ ነርስ የሆነችው ልጄ ግን ቀኝ እጇ ከጣቶቿ ሥር እስከ ክርኗ በጀሶ ታስሮ እኔ ቤት ተቀምጣለች፤ ሐኪሙም ጣቶቿ እንደ ድሮው ጨብጠው ሕፃን ይቀበሉ እንደሆነ ጀሶው ሲፈታ እናያለን ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልሰጠንም። ይህን የምነግራችሁ እንድታዝኑ አይደለም፤ ሐዘን ከፕሮግራማችሁ ጠባይ ጋር እንደማይሄድ አውቃለሁ። የምጽፈው በመጪው ቅዳሜ አንዲት አጭር ማስታወቂያ እንድታነቡልኝ ለመለመን ሲሆን፣ እሷንም ከደብዳቤው መጨረሻ ላይ ታገኟታላችሁ። እስከዚያው የሰው ጊዜ መብላት ለእናንተ እንግዳ ነገር ስላልሆነ፣ ከእናንተም ጥቂት ብወስድ እንደማትቀየሙኝ ተስፋ አለኝ።

ራሴን ላስተዋውቅ። ሠላሳ አራት ዓመት በጀርባዬ ተኝቼ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ይህን የሰማ ሁሉ ሰነፍ እመስለዋለሁ እንጂ የተኛሁት ከመኪና ሥር ነው። ጋራዤ ከአናጺው ሱቅና ከጎማ ጠጋኙ መካከል የተሰነቀረች፣ ሁለት መኪና ስትይዝ ሦስተኛው ደጅ የሚያድርባት ጠባብ ቤት ናት። ከመፍቻዎቹ መደርደሪያ በላይ አንዲት ሬዲዮ አለችኝ፤ አንቴናዋ ተሰብሮ በሽቦ ከተቀጠለ ወዲህ ከእናንተ ጣቢያ በቀር ሌላ ስለማትይዝ፣ አድማጫችሁ የሆንኩት በምርጫ ሳይሆን በሽቦ ነው።

አልዋሽም፣ መጀመሪያ ሰሞን ስቄያለሁ። አንዷን መኪና ሁለተኛ አልበሟ ከከሸፈባት ዘፋኝ፣ ሌላዋን ደግሞ ዕድሜውን በቀለም ከሚደብቅ የፊልም ተዋናይ ጋር ስታመሳስሉ መፍቻ ከእጄ እስኪወድቅ የሳቅሁባቸው ቅዳሜዎች ነበሩ። ከሦስት ባለቤት በላይ ያሳለፈች መኪና አትግዙ፣ ያቺ ተዋናይት ስንት ጊዜ እንዳገባች አታዩም ወይ ያላችሁትንም ምክር፣ ለመኪናዋም ለተዋናይቷም ክብር የማይመጥን ቢሆንም፣ ከነጭራሹ ስሕተት ነው አልልም። ቀልድ በቦታው ደግ ነገር ነው። አቤቱታዎቼ ቦታውን ስለሳተው ቀልድ ናቸው፤ በቁጥር ያስቀመጥኳቸውም ጠፍተውባችሁ እንዳትቸገሩ ብዬ ነው።

አንደኛ፦ ልጄ ከዚህ የሦስት ሰዓት መንገድ ርቆ ኮረብታ አናት ላይ በተሠራ ጤና ጣቢያ ትሠራለች። ቁልቁለቱን በእግር መመላለስ ሲሰለቻት፣ የእናንተን ምክር በደብተር ጽፋ ይዛ፣ አንዲት ጡረታ የወጡ መምህርት የነዷትን አሮጌ መኪና ገዛች። አንድ ቀን በስልክ እያወራችኝ መኪናዋን ልታቆም ስትል ከወዲያ ማዶ አንድ ፉጨት ሰማሁ። እንዲህ ያለውን ፉጨት በሕልሜም ብሰማው አልስተውምና፣ ሸራው አልቋል፣ ዛሬ ነገ ሳትዪ አስቀይሪው አልኳት። እሷ ግን የአባት ቃል ሬዲዮ ካላጸደቀው የማይጸናበት ዘመን ልጅ ናትና ቅዳሜ ጠብቃ «በጆሮ ምርመራ» ለተባለው ክፍላችሁ ደወለች፤ የመኪናዋንም ፉጨት በአፏ አስመስላ አሰማቻችሁ። ክቡር ሳቂታው ሳይውሉ ሳያድሩ፣ መኪናዋ ከፍ ያለውን ዜማ አንዴ ከያዘች ከማትለቀው ከዚያች ዘፋኝ የምታንስ እንዳልሆነች መሰከሩላት፤ ክቡር ወፍራም ድምፅም «የሳምንቱ ድምፀ መረዋ» ብለው ሾሟት። አንድ ጎማ ሳትነኩ፣ አንድ ብሎን ሳትፈቱ፣ በአምስት ደቂቃ ውስጥ እንዲህ ያለ ምርመራ መጨረሳችሁ በእውነቱ በሙያው ታሪክ የሚመዘገብ ነው።

ሁለተኛ፦ ልጄ ስልኩን ከመዝጋቷ በፊት፣ አባቴ መካኒክ ነው፣ እሱ ግን ሸራው አልቋል ይላል ብላ ነግራችሁ ነበር። እኛ መካኒኮች ሸራ የምንለው ከጎማው በስተጀርባ ካለው ብረት ጋር እየተፋተገ መኪናን የሚያቆመውን የፍሬን ልባስ ነው። ይህን ማንኛውም ታክሲ ነጂ፣ ማንኛውም መለዋወጫ ሻጭ፣ ከጋራዤ ፊት ለፊት የምትቀመጠው የጋዜጣ ነጋዴ ሳትቀር ታውቀዋለች። በአሮጌ መኪና አዋቂነታችሁ የምትታወቁት እናንተ ግን ሸራ ሲባል የመጣላችሁ ድንኳን ነው። ምስኪን አባት፣ መኪናዋ እንዳይበርዳት ሰግተው ይሆናል አላችሁ። መካኒክና ሐኪም ጤነኛ ሲያዩ ይከፋቸዋል አላችሁ። በመጨረሻም «ሸራ ካለቀ ጃንጥላ ያዢ፣ ፉጨቱ ከረበሸሽ ሬዲዮሽን ከፍ አድርጊው» ብላችሁ አሰናበታችኋት። አራት ደቂቃ ሙሉ ሳቃችሁ። አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል የሚለውን የአባቶች አባባል እስከዚያ ቀን ድረስ በሬዲዮም ይሠራል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበርና ስላስተማራችሁኝ አመሰግናለሁ።

ሦስተኛ፦ እዚህ ላይ ፍርድ እንዳላዛባ የራሴንም ድርሻ ልናገር፤ ከእናንተ ጋር የሚያመሳስለኝ ነገር መኖሩ ሌሊት እንቅልፍ ቢነሳኝም። ልጄ ሸራ ምን እንደሆነ አታውቅም ነበር። ጋራዥ ውስጥ ያደገች ልጅ እንዴት አታውቅም ትሉ ይሆናል። ያላወቀችው እኔ ስላባረርኳት ነው፤ ትንሽ ሆና መፍቻ ባነሣች ቁጥር እጅሽ ለእስክሪብቶ ነው እያልኩ ከበር መለስኳት፣ ያ እጅ እንዳይቆሽሽ። እናም ልጄ የእኔን ማስጠንቀቂያና የእናንተን ቀልድ ደምራ ገበያ ወጣችና የመኪና ማልበሻ ሸራ ገዛች፤ ግራጫ፣ ጠርዙ በላስቲክ የተሰበሰበ፣ መልካም ሸራ። ደውላም አባዬ፣ ሸራውን ገዛሁ አለችኝ። ገጠመ ወይ ብላት ልክክ ብሏል አለች። ኦሪጅናል ነው ወይ ብላት፣ አዎ፣ ውሃ እንኳ አያስገባም ብለውኛል አለች። ውሃ አያስገባም ስትለኝ እንኳ አልነቃሁም፤ ሻጭ የማይለው የለም ብዬ፣ ተባረኪ ብዬ፣ ስልኩን ዘጋሁ። ሁለታችንም ሸራ እያልን ስናወራ አንዳችንም የሌላውን ሸራ አላየንም።

ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት አልሞላም። ልጄ ቀትር ላይ መድኃኒት ለማምጣት ቁልቁለቱን ስትወርድ ፍሬኑ መሐል ላይ እምቢ አላት። ከታች ከትምህርት ቤት የተለቀቁ ሕፃናት መንገድ ይሻገሩ ነበር፤ ሦስቱ ራሷ ያዋለደቻቸው ናቸው። መሪውን ወደ ድንጋዩ አጥር ጠመዘዘችው። ከሕፃናቱ አንዱም አልተነካም። የአካባቢው ሰዎች በሩን ገንጥለው ሲያወጧት ሬዲዮው በሙሉ ድምፁ ይጮኽ ነበር፤ ምክራችሁን እስከ መጨረሻው አክብራለች።

አራተኛ፦ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ እናንተ ግን አፋፍ ላይም አልተዋችሁትም። «ሸራ ካለቀ ጃንጥላ» የምትለዋን ቃል ከበሮ አስገብታችሁላት፣ ሳቃችሁን አጅባችሁላት የፕሮግራማችሁ መለያ አደረጋችኋት፤ ይኸው አሁን ቅዳሜ አልበቃ ብሎ በየሰዓቱ ትሰማለች። ጎማ ጠጋኙ ጎረቤቴ ስሜን ትቶ «ጃንጥላ» ይለኛል፤ እሱን ችያለሁ። ያልቻልኩት ያለፈው ሰኞ የመጣውን የሚኒባስ ሹፌር ነው። ዘይት ሊያስቀይር መጥቶ ጎማውን ሳየው ብረት በብረት ላይ ሊሄድ የወረቀት ውፍረት ቀርቶታል። ሸራህ አልቋል ስለው፣ እንደ እናንተ ከበሮውን በአፉ እየመታ ዘፈናችሁን ዘፈነልኝ፣ ተሳፋሪዎቹም ከኋላ ሆነው ተቀበሉት። አሥራ ሁለት ነበሩ፤ አንዲቱ እናት ሕፃን ታቅፋ ነበር። እየሳቁ ሄዱ። እኔም መፍቻዬን ይዤ መንገድ ዳር ቆሜ ቀረሁ፤ ልጄ የደረሰባትን ልነግረው አፌን ስከፍት ሳቁ ዋጠኝ። የጨው ገደል ሲናድ ብልህ ያለቅሳል ሞኝ ይልሳል የተባለው ለእናንተ ባይሆን ኖሮ ለማን ይሆን ነበር እላለሁ።

ቁጥር ያልሰጠሁት አንድ ነገር ደግሞ አለ። ለልጄ የላካችሁት ሽልማት፣ ያ «የሳምንቱ ድምፀ መረዋ» የሚለው ባለ ወርቅ ቀለም ተለጣፊ፣ በሰላም ደርሷል። የደረሰው መኪናዋ በገመድ ተጎትታ ጋራዤ በገባች በማግሥቱ ነው። የሚለጠፍበት መስታወት ስላልተረፈ፣ ከጎማዋ ያወጣሁት፣ ልባሱ ተበልቶ አልቆ ብረቱ ብቻ የቀረው ሸራ ላይ ለጥፌ ከሬዲዮዋ ጎን ሰቅዬዋለሁ። ሲያልቅ ምን እንደሚመስል አይታችሁ የማታውቁ ከሆነ የጋራዤ በር ለእናንተ ክፍት ነው።

ልጄ ይህን ደብዳቤ እንዳልልክ ለምናኛለች። አሁንም ትወዳችኋለች፤ ባለፈው ቅዳሜ እንኳ ጀሶዋን ትራስ ላይ አስደግፋ ሰምታችሁ ስቃለች። እምቢ ብላት፣ ባይሆን ስድቦቹን ላውጣ ብላ ሦስት መስመር በግራ እጇ ሰርዛለች። ስረዛው ተንጋዶ ሌላም መልካም ዓረፍተ ነገር አብሮ ስለሄደ፣ በደብዳቤው ውስጥ ስለ እናንተ ምስጋና ያነሰ ከመሰላችሁ ምክንያቱ እሱ ነው።

እንግዲህ የምለምናችሁ ማስታወቂያ ይህች ናት፦ «ሸራ ማለት መኪናን የሚያቆመው ነገር ነው። እኛ አናውቅም ነበር። ፍሬናችሁ ካፏጨ ሬዲዮውን ቀንሱና ወደ መካኒክ ሂዱ።» በሰዓት ለክቼዋለሁ፣ አሥራ አንድ ሰከንድ ይፈጃል፤ ከሳቃችሁ ሃያ አንደኛ እጅ እንኳ አይሞላም። መካከለኛዋ ዓረፍተ ነገር ከከበደቻችሁ ጮክ ብላችሁ ተለማመዷት፤ እኔም ስለ ልጄ እጅ ስጽፍ «ያላወቀችው እኔ ስላባረርኳት ነው» የምትለዋ ሦስት ቀን ፈጅታብኛለች።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፤ እኔ ወረቀቱን ይዣለሁ፣ ሌላውን ለእናንተ ትቼዋለሁ። ቀልዳችሁ እንደ ምንጭ እንዳይደርቅ፣ ዝናችሁ እንደ አዲስ ጎማ እንዳይላላ እየተመኘሁ፣ ከመኪና ሥር ሆኜ ወደ ከፍታችሁ አንጋጥጬ ከፍ ያለ ሰላምታዬን የማቀርብላችሁ፣ ጤነኛ ሲያይ የሚከፋው አድማጫችሁ፣

የድምፀ መረዋዋ አባት።

ሳልጠቅሰው እንዳልቀር፦ ይህ ለክቡር ወፍራም ድምፅ ብቻ ነው። ያለፈው ሐሙስ ባርኔጣዎን እስከ ቅንድብዎ ደፍተው፣ ጥቁር መነጽር አድርገው አንዲት የምታፏጭ ሰማያዊ መኪና ወደ ጋራዤ ይዘው መጥተው ነበር፤ ጋራዡ የማን እንደሆነ አላወቁም፣ እኔ ግን ገና አፍዎን ሲከፍቱ አውቄዎታለሁ። ፉጨቱ ከየት እንደሚመጣ ግራ እንደገባዎት በሹክሹክታ ነግረውኛል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፣ አልፈርድብዎትም። ሸራው አልቆ ነበር፤ የአራቱንም ጎማ ሸራ በአዲስ ቀይሬ ቁልቁለት ላይ ሞክሬያታለሁ፣ ቀጥ ትላለች። ዛሬ ሰማዩ ስለጠቆረ ልጄ የገዛችውን ግራጫ ሸራ በላይዋ ላይ አልብሼልዎታለሁና፣ ሊወስዷት ሲመጡ ጃንጥላ መያዝ አያስፈልግዎትም።