በስምህ የተተከለው እንሰት

ሳህሌ፣ የልጆቼ አባት፣

ከተለየኸን ሁለት መስቀል አለፈ። ጤናዬ ደህና ነው። ላሚቱ ወልዳለች። የቤታችንን ሣር ክዳን ልጅህ ምትኩ በቆርቆሮ አስቀይሮታል፤ ዝናብ በመጣ ቁጥር ጆሮ ያደነቁራል። ይህን ሁሉ ለምጄዋለሁ። ያልለመድኩት የመንደራችንን ሰው ነው፤ አንገሽግሾኛል፣ የምነግረው ሰው ሳጣ ነው ለአንተ የምጽፈው።

ጀፎረውን ብታየው አታውቀውም። ያ በሁለቱ ረድፍ ቤቶች መሃል ከጫፍ እስከ ጫፍ ተዘርግቶ የኖረ ሰፊ ሣር፣ ዛሬ ሁለት ጋሪ ጎን ለጎን አያሳልፍም። ለእንግዳ ሁሉ የምትተርከው ትዝ ይለኛል። አባቶቻችን ጫካውን መንጥረው እዚህ ሲሰፍሩ ከቤት በፊት ባዶውን ቦታ ነው የለኩት ትል ነበር። ፈረሰኞች ጎን ለጎን ተሰልፈው ጋለቡ፣ ፈረስ ካልረገጠው ላይ ብቻ ጎጆ ተቀለሰ። ሙሽራ የሚታጀብበት፣ ደመራ የሚለኮስበት፣ ሽማግሌ ለእርቅ የሚቀመጥበት፣ የሞተ የሚሸኝበት ቦታ ሆነ፤ የማንም ስላልሆነ የሁሉም ሆኖ ኖረ። ስትተርከው አብረሃቸው የጋለብክ ትመስል ስለነበር ከጓዳ ሆኜ እስቅብህ ነበር።

የሰዉን ጠባይ ታውቀዋለህ። የጠፋ ጥጃ ሲያገኝ ባለቤቱን ፍለጋ አገር የሚያዳርስ፣ የጎረቤት ዶሮ ግቢው ብትጥል እንቁላሉን ይዞ የሚመጣ ሰው ነው። ጀፎረ ሲሰርቅ ግን ዓይኑን በጨው አጥቦ ነው። ቋቅ የሚያሰኘኝ ደግሞ አሰራረቁ ነው። መጀመሪያ ከአጥሩ ውጪ ጥቂት የእንሰት ችግኝ ይተክላል። ማንም ምንም አይለውም፤ የሰው እንሰት መንቀል በእኛ ዘንድ የሰው ጉሮሮ መዝጋት ነው። ከዚያ ከብት እንዳይበላበት እሾህ ይከምርበታል። በመጨረሻ አጥሬ አረጀ ብሎ ሲያድስ፣ አዲሱ አጥር ከእንሰቱ ወዲያ ይቆማል። በዓመቱ ሌላ ችግኝ ይዞ ይወጣል። እሁድ ነጠላውን አጣፍቶ ቤተ ክርስቲያን ይስማል፣ ሲመለስ ያንኑ አጥር ተደግፎ ስለጎረቤቱ ስግብግብነት ያወራል። ጤና ይስጠው ከማለት በቀር ምን እላለሁ።

የቀብርህን ቀን ልንገርህ። ቃሬዛህን የተሸከሙት ሰዎች የክብሩ አጥር ጋ ሲደርሱ ቀጥ ብለው ማለፍ አቃታቸው። ክብሩ፣ ልጁን ክርስትና ያነሳህለት፣ ግድግዳ ለግድግዳ የኖርነው ክብሩ። መንገዱ ጠበበና አዘነበሉህ። ዕድሜህን ሙሉ ደረትህን ነፍተህ በሄድክበት ጀፎረ ላይ በጎንህ አለፍክ። የአጥሩ አጋም ጋቢህን ያዘው፣ ክብሩ ራሱ ስቅስቅ ብሎ እያለቀሰ ከእሾሁ አላቀቀው። እንባው የውሸት አልነበረም። አጥሩም ግን ይኸው እስከ ዛሬ እዚያው ቆሟል።

አንተ አጥራችንን ስታድስ አዲሱን እንጨት በድሮው ጉድጓድ ነበር የምታቆመው። ጉድጓዱ ሰፍቶ እንጨቱ ሲወዛወዝ ድንጋይ አምጪ ትለኛለህ፣ እኔም እያጉረመረምኩ አመጣለሁ። አንድ ቀን ሰለቸኝና አንድ እርምጃ ወዲያ ብትቆፍር ምን አለበት አልኩህ። ቀና ብለህ አይተኸኝ፣ ፈረሱ በየት ይለፍ አልከኝ። ያኔ በመንደሩ ፈረስ ያለው ሰው አልነበረም። እንደዚያ ቀን ወድጄህ አላውቅም።

አሁን ወደሚያቃጥለኝ ልምጣ። ዘንድሮ ምትኩ ለመስቀል ከወልቂጤ መጣ። በበዓሉ ማግስት መቆፈሪያህን አንስቶ ወጣ፤ ደስ አለኝ፣ የአባቱ ልጅ ብዬ። ብቅ ብዬ ሳይ ከአጥራችን ውጪ፣ ጀፎረው ላይ እንሰት እየተከለ ነው። ለአባባ መታሰቢያ ነው አለኝ። ወደፊት በድንጋይ ያጥረዋል አሉ። መንደርተኛው ተሰብስቦ መረቀው፣ ክብሩማ አንገቱን አቅፎ ሳመው። እንዴት አይስመው! የሳህሌ ቤት ከገፋ ማን ማንን ይናገራል? ልጄን ለብቻው ስይዘው፣ እማዬ ሁሉም ወስዶ እኛ ብቻ ሞኝ እንሁን እንዴ አለኝ። የሌላውን ሁሉ ችያለሁ። በአንተ ስም ሲሆን ግን ያጠባሁት ልጅ አስጠላኝ፣ ሳህሌ።

እሱ ወልቂጤ ከተመለሰ በኋላ፣ በገበያ ቀን፣ ሰው ከጉንችሬ ሲመለስና መንገዱ ሲሞላ ጠብቄ መቆፈሪያውን ይዤ ወጣሁ። መንቀል ነውር ነው፣ ማዛወር ግን የየዓመቱ ሥራችን ነው፤ እንሰት ሳይዛወር መች ያድጋል? አንድ በአንድ ከነሥሩ እያወጣሁ ጓሮ ወሰድኩት። ይህ የወንድ ሥራ ነው ብለው ቆመው አዩኝ። ክብሩ መጥቶ የሙት መታሰቢያ አፈረስሽ አለኝ። አስተማሪ ሳለሁ ተማሪ እቆጣበት በነበረው ድምፄ ያዝ አልኩትና የመጨረሻዋን ችግኝ እጁ ላይ አስቀመጥኩለት። እንሰት መሬት አይጥል ነገር፣ ተሸክሞ ጓሮ ድረስ ተከተለኝ። የራሱን አጥር ግን አልነካም፣ ይነካል ብዬም አልጠብቅም።

ምትኩ ሰምቶ አኩርፏል። ስልክ አያነሳም። ስልኩ በጮኸ ቁጥር እሱ መስሎኝ እሮጣለሁ፤ እናት ነኝና። እንሰቱ ጓሮ ውስጥ ሥር ይዞ አዲስ ቅጠል አውጥቷል፤ ሲመጣ አሳየዋለሁ።

በደጃችን ፊት ሣሩ መመለስ ጀምሯል። ድንጋይም ተክልም አላቆምኩበትም፤ መታሰቢያህ ያ ባዶ ቦታ ነው። የእኔም ቀን ሲደርስ ከደጃችን ቀጥ አድርገው ያወጡኛል፣ የክብሩ አጥር ጋ ሲደርሱ ያዘነብሉኛል። እስከዚያ አልረሳህም። አጥራችን በታደሰ ቁጥር እንጨቱ አንተ በቆፈርከው ጉድጓድ ይቆማል፤ ቢወዛወዝም ድንጋዩን እኔ አመጣለሁ፣ እያጉረመረምኩ።

ባለቤትህ ብርቄ