የእናኑ ፎቶ

ሰኞ

ፎቶውን አጠፋሁት። ምን ዋጋ አለው፣ አይተውታል።

ጠዋት እናኑ የስፌት ክፍሉ በር ላይ ጠብቃ ያዘችኝ። «እታለም፣ አባየ ደባርቅ መሆኔን አውቀዋል» አለችኝ። እህቷ ናት በድብቅ ደውላ የነገረቻት። ጎረቤታቸው ፌስቡክ ላይ አይቷት፣ ስልኩን ወስዶ ለአባቷ አሳያቸው።

እናኑ ከበየዳ የሸሸችው ለማታውቀው ሰው ሊድሯት ቀን ሲቆረጥ ነው። የእኛ ድርጅት ሥራው እንዲህ ያሉ ልጆችን ማስጠለል፣ ሙያ ማስተማር ነው። እኔ ደግሞ ስልጠና የጨረሱትን አሰልፌ አነሳሁና በገጻችን ላይ ለጠፍኩ! ረጂዎች ይዩልን ብዬ። እሷ በነጠላዋ ግማሽ ፊቷን ሸፍና ነበር። «ግለጪው እንጂ፣ ቆንጆ አይደለሽ እንዴ?» አልኳት።

ገለጠችው።

ማክሰኞ

ለኃላፊያችን ለእትዬ ስንዱ የእናኑ አባት ማወቃቸውን ልነግራቸው ገባሁ። «እንዴት አወቁ?» ሲሉኝ «ገበያ ላይ ያያት ሰው ይኖራል» አልኩ። እንዴት ከአፌ እንደወጣ እንጃ። ሥራዬን እንዳላጣ ፈርቼ ነው፣ ሌላ ምክንያት የለኝም።

እናኑን አስጠርተው ተቆጧት። «ገበያ አትውጪ አላልኩሽም?» እናኑ አንዴ አየችኝ። ከዚያ አንገቷን ደፍታ «ይቅርታ» አለች።

ያላጠፋችውን። እኔ እዚያው ቆሜ።

ምሳ አልበላሁም። የእኔ መራብ ለእሷ ምኗ ነው?

ረቡዕ

አባቷ መጡ። ከአንድ ቄስ ጋር፣ አይሱዙ ላይ ተጭነው፣ አቧራ ለብሰው። ይደነፋሉ ብዬ ነበር። በሩ ላይ ቆመው አለቀሱ። «ጅብ በልቷታል ብለን ነበር እኮ» አሉ። ይህን አንድም ቀን አስቤው አላውቅም።

ትንሽ ቆይተው ግን «ልጄን ስጡኝ፤ ቃል ያለብኝ ሰው ነኝ» አሉ።

እትዬ ስንዱ ሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት ደወሉ። ለነገ ተቀጠርን። ሰዎቹ እንደወጡ መቻል አቃተኝና ፎቶውንም፣ የትናንቱን ውሸትም ለእትዬ ስንዱ ነገርኳቸው። አልተቆጡኝም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

«ለእኔ ምን ትነግሪኛለሽ? ጥፋትሽን የተሸከመችልሽ እሷ ናት» አሉኝ።

ሄጄ እናኑን ይቅርታ ጠየቅኳት። «እሺ» አለች። ልብስ ማጠፏን አላቆመችም።

ሐሙስ

ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ ብርድ ነበር፤ ጉሙ እስከ መስኮቱ ድረስ ወርዷል። ቄሱ ቀድመው ተናገሩ፦ «ልጄ፣ አባትሽን በሰው ፊት አታሳፍሪ።» አባቷም «የሰጠሁትን ቃል ምን ላድርገው?» አሉ።

እናኑ ወደ አባቷ ዞረች። «አባየ፣ ቃሉን የሰጡት እርስዎ ነዎት። እኔ አልሰጠሁም።»

አንዲት ፖሊስም አብራን ተቀምጣ ነበር። ፖሊሷ ሕጉን አስረዳች፤ ልጅ መዳር እንደሚያሳስር ነገረቻቸው። አባቷ አቀርቅረው «አልወስዳትም» አሉ። ደስ ሊለኝ ሲል ቀጠሉ፦ «ቃል የሰጠሁት ሰውዬ ወንድሞች ግን ያለችበትን አውቀዋል። ለእነሱ ዋስ አልሆንም።»

ስለዚህ ደባርቅ መቆየት አትችልም። ጎንደር ወዳለ መጠለያ ትሄዳለች። ከመጪው ሰኞ ጀምሮ እዚሁ አንድ ልብስ ሰፊ ዘንድ ሥራ ልትገባ ነበር። ሲወጡ አባቷ ግንባሯን ሳሟት። እኔ ፊቴን አዞርኩ።

ዓርብ

ጎንደር አደረስኳት። በሚኒባስ። ዳባት ላይ ሰው ለመጫን ሲቆም ወደ እኔ ዞረች።

«እታለም፣ እዚያም ፎቶ ያነሳሉ?»

«አልፈልግም ማለት ትችያለሽ» አልኳት።

«ያን ጊዜም እችል ነበር?»

«አዎ።»

«አላወቅኩም ነበር» አለች። በቁጣ አይደለም። በቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። መናገር የነበረብኝ እኔ ነበርኩ፤ ሥራዬ ነው።

መጠለያው ንጹሕ ነው። በሩ ይቆለፋል። ስለያት እጇን ሰጠችኝ፣ አልሳመችኝም።

ቅዳሜ

እትዬ ስንዱ ገጹን ከእጄ ወሰዱት። ከሥራ ግን አላስወጡኝም። «ኖረሽ ተማሪበት» አሉኝ።

ከሰዓት መጠለያው ደወልኩ። ሞግዚቷ አነሳችው። እናኑ ደህና አድራለች፤ በልታለች፤ ክፍል ውስጥ እንደ እሷ ከበየዳ የመጣች ልጅ አግኝታ ሲያወሩ ነው ያመሹት።

«ልጥራልሽ?» አለችኝ። ስልኩን ይዤ ጠበቅኩ። ከሩቅ የልጆች ሳቅ ይሰማል፤ ከመካከሉ የእሷን ለመለየት ሞከርኩ።

ሞግዚቷ ተመለሰች። «አሁን አልመጣም አለች።»

«እሺ። አታስገድጃት» አልኩ።