ቀስ ብዬ የነገርኩት

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4

የምሠራበት ላውንደሪ ዛሬ ሰው በሰው ነበር። የአንዱን ሱሪ ለሌላው ሰጥተን ሰውየው ሱሪው ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ቀርቶበት ተመልሶ መጣ። ልብስ ተኳሿ ጓደኛዬ "ሱሪውስ የርስዎ ነው፣ እርስዎ አድገው ነው እንጂ" አለችው። እሱም ሳቀ። ስንስቅ ዋልን።

ቤት ስገባ ሰውዬዬ ቴሌቪዥኑን እስከ መጨረሻው ለቆታል። ዳቦ ይዣለሁ ብዬ ጮህኩ። የለም። ደግሜ ጮህኩ። ሦስተኛው ላይ ከታች ያለችው ጎረቤት በደረጃው በኩል "እኛ ሰምተናል፣ ለሱ ንገሪው" አለችኝ።

ዘጠኝ ዓመት። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ጆሮውን በልቶ ቤት ከላከው ወዲህ ሕንጻው በሙሉ ጓዳዬን ያውቀዋል። ሽንኩርት ሲያልቅብኝ፣ ሆዴን ሲነፋኝ... የማያውቁት ምን አለ? አንድ ነገር ብቻ። እሱም የማይጮህ ነገር ስለሆነ ነው።

ደብዳቤህን ያቃጠልኩት እኔ ነኝ ብሎ ማን ይጮሃል?

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8

ትልቋ ልጄ ለአባቷ የጆሮ መሣሪያ አመጣች። የባቄላ ፍሬ ብታክል ነው። እንደ ድሮው የሚያፏጭ አይደለም፤ ይሄኛው ሰው ይለያል። የእያንዳንዱን ሰው ድምፅ ስልኩ ላይ መዝግቦ ከጫጫታ መሃል ነጥሎ ያሰማል። የሚገጥመው ባለሙያ ቤት ድረስ መጣ። ራሰ በራ፣ ጨዋታ አዋቂ።

"ድምፅዎን እንዲለምድ አንድ ደቂቃ ያውሩለት" አለኝ። ማውራት ለኔ... ከሱሪው ጀመርኩ። ወደ ተኳሿ ባል ሄድኩ። "ይበቃል፣ መሣሪያው ጠግቧል" አለ። ልጄ "እማ፣ ስድስት ደቂቃ እኮ ነው ያወራሽው" አለችኝ። እኔ ገና መሃሉ ላይ ነበርኩ።

ከዚያ ለሰውዬዬ አደረገለት። "ትሰማኛለህ?" አልኩት። እንደ ሰው፣ ሳልጮህ። ዞር ብሎ አየኝ። ብዙ አየኝ።

"ድምፅሽ ጎርንኗል" አለ።

አለቀስኩ። ዘጠኝ ዓመት ሲጮህ የከረመ ድምፅ ምን ይሁን?

ባለሙያው ሻዩን እየጠጣ "ገና ምኑ ታየ" ይላል። "ነገ ጆሮው ደህና የሆነውም ያደርገዋል። አውቶቡስ ላይ የሾፌሩን ሙዚቃ ይዘጋል፣ የአለቃውን ድምፅ ይቀንሳል፣ የሚወደውን ይጨምራል። ሰው ሁሉ የመረጠውን ብቻ እየሰማ ይኖራል።"

"አማቶች አለቀላቸው በለኛ" አልኩት። ሳቅን።

አሁን ቀስ ብዬ መናገር እችላለሁ። ጎረቤት ሳይሰማ። ለመጀመሪያ ጊዜ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12

እየጮህኩ ነው ለካ። "አንቺ ሴትዮ፣ ጭንቅላቴን በሳሽው" ይለኛል። እሺ እላለሁ። ሁለት ቃል ዝቅ አድርጌ ሦስተኛው ላይ እረሳዋለሁ። ዘጠኝ ዓመት የለመደ ጉሮሮ በአራት ቀን ይመለሳል? ግንባሩን ይዞ ወደ መኝታ ቤት ገባ። ደስታዬን አበላሸሁት መሰለኝ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 17

ከሐሙስ ወዲህ አንድም ቀን አልተቆጣኝም። ያወራሁትን ሁሉ ረጋ ብሎ፣ ዓይን ዓይኔን እያየ ያዳምጠኛል። ስጨርስ ይነቀንቃል። በጫጉላችን እንኳ እንዲህ አላዳመጠኝም። ለተኳሿ ብነግራት "ምን አቀመስሽው? ለኔም ቆንጠር አድርጊልኝ" አለች።

ልንገረው? ቢተወኝስ? ሃምሳ ዓመት ሞልቶኝ የት እሄዳለሁ...

ሳልነግረው ብሞትስ?

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 22

ነገርኩት።

ጠዋት ነው። የሸሚዙን ቁልፍ ከላዩ ላይ ሳያወልቅ እየተከልኩለት ነበር። ፊቱ እዚህ ነው፣ ፊቴ እዚህ።

የዛሬ ሃያ ሰባት ዓመት ከባሕር ወደቡ ደብዳቤ መጥቶልህ ነበር አልኩት። የመጋዘን ሥራው። ተቀብለውህ ነበር። አንተ ፈረቃ ላይ ነበርክ፣ ፖስተኛው ለኔ ሰጠኝ። ትልቋን አርግዣለሁ፣ እናቴ አልጋ ላይ ናት። ጥለኸኝ የምትሄድ መሰለኝ። ምድጃ ውስጥ ከተትኩት። አንተ "መልስ እንኳ ነፈጉኝ፣ እኔ ዕድል የለኝም" እያልክ ስንት ዓመት... እኔ ወጥ አማስላለሁ። እዚያ ማሽን ሥር ያስቀረሁህ እኔ ነኝ። ጆሮህን የበላሁት እኔ ነኝ።

ሁሉንም አልኩት። በጣም ዝቅ አድርጌ። ክሩ በእንባ ረጠበ።

አንዴም አላቋረጠኝም። ስጨርስ ሁለቴ ነቀነቀ። እጄን ያዘኝ።

"ይሁን፣ ምንም አይደል" አለኝ።

ሃያ ሰባት ዓመት የፈራሁት ይቺን ነበር?

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 25

ሰው እንዲህ ይቀለዋል? ደረጃውን ስወጣ ጉልበቴን ረሳሁት። ተኳሿ "ሎተሪ ደረሰሽ እንዴ፣ ምንድን ነው እንደ ሙሽራ የሚያደርግሽ" አለችኝ። አልነገርኳትም። ይሄ የሱና የኔ ነው።

ያን መሣሪያ የሠራውን ሰው ባገኘው እግሩን እስመዋለሁ።

አርብ፣ ኅዳር 5

እንደሆነው ልጻፈው።

ሰውዬዬ ገላውን እየታጠበ ነበር። ስልኩ ጠረጴዛ ላይ ጮኸ። ልጄ ናት ብዬ አየሁት። ልጄ አይደለችም። እንዲህ ይላል፦ "«ባለቤቴ» የተባለው ድምፅ ለ22 ቀናት ተዘግቶ ቆይቷል። እንደተዘጋ ይቀጥል?" ከሥሩ ሁለት ቃል። ይቀጥል። ይከፈት።

ሌሎቹን አየሁ። የልጄ ድምፅ እስከ ላይ ተከፍቷል። አብሮት ዳማ የሚጫወተው ፀጉር አስተካካይ ጓደኛው እስከ ላይ። ዜና አንባቢው እስከ ላይ።

በጣቴ ቆጠርኩ። ደግሜ ቆጠርኩ። የነገርኩባት ቅዳሜ መሃሉ ላይ ናት።

ፎጣ አገልድሞ ወጣ። መሣሪያውን ጆሮው ላይ እስኪያደርግ ጠበቅሁና ስልኩን ዘረጋሁለት። ቀላ። ነካ ነካ አድርጎ ድምፄን ከፈተው።

"ለሁለት ቀን ብዬ ነበር" አለ። "ጩኸትሽ ሲበሳኝ... ከዚያ..."

"ከዚያ ምን?"

"ከዚያ ተመቸኝ።"

"ስትነቀንቅ የነበረውስ?"

"ከንፈርሽ ሲቆም እነቀንቃለሁ። ዘጠኝ ዓመት እንደሱ አይደል የኖርነው?"

"ሳለቅስስ? ሳለቅስ እንኳ?"

"አንቺ ፊልም ላይም ታለቅሻለሽ" አለኝ።

ክፋት የለበትም። የገደለኝም ይኸው ነው። ክፉ ቢሆን እኮ እሰድበው ነበር።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6

ሥራ ሄድኩ። መጣሁ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ሁለት ደንበኞች ዛሬ ያንን ባቄላ ጆሯቸው ላይ ሰክተው መጡ። ወጣቶች ናቸው፣ ጆሯቸው ምንም አልሆነም። አንዷን "ቆሻሻው የዘይት ነው ወይስ የቀለም?" ብላት ሳትሰማኝ ቆሻሻውን በጣቷ ጠቁማ ወጣች። ራሰ በራው ልክ ነበር። እሱ ሲናገር የሳቅሁት እኔ ነኝ። የሚዘጋው የሌላ ሰው ድምፅ መስሎኝ።

ተኳሿ "ምን ሆነሻል፣ ካውያው እንኳ ካንቺ የተሻለ ድምፅ አለው" አለችኝ። ራሴን አሞኛል አልኳት።

ደግሜ ልንገረው? አፌ እምቢ ይላል። አንዴ ይቅር ተብዬ፣ ተንሳፍፌ፣ ደረጃ በሩጫ ወጥቼ... ያ ይቅርታ የማን ነበር? የከንፈሬ መቆም ነበር። አሁን ብነግረው "ምንም አይደል" የሚል አይመስለኝም። ቢልም አላምነውም።

ሰኞ፣ ኅዳር 22

ድምፄን እስከ ላይ አድርጎታል። ራሱ አሳየኝ፤ ከልጄም ከዜናውም በላይ ነኝ። እኔ ግን "ምሳ ቀርቧል"፣ "በሩን ዝጋው" ነው የምለው። ሌላ የለም። ዛሬ ከሥራ ስመለስ ቴሌቪዥኑን አጥፍቶ ጠበቀኝ።

"እስቲ አውሪኝ" አለ።

"ምን ላውራህ?"

"እንደ ድሮሽ። የሰው ሱሪ ምናምን።"

ቦርሳዬን አስቀመጥኩ። ወንበሩን ሳብ አድርጎ ቀረበኝ።

"ያን ለት ቁልፍ ስትተክዪልኝ እያለቀስሽ ምን ነበር ያልሽኝ? ሳስበው ነው የከረምኩት። ንገሪኝ፣ አሁን እሰማለሁ።"

አጎንብሶ ጆሮውን ሰጠኝ። ከጆሮው ጀርባ የበቀለችው ሽበት ትታየኛለች። አፌን ከፈትኩ... ቃሉ መጥቶ እዚህ፣ ጥርሴ ላይ ቆመ።

"የወጥ ቤቱ ቧንቧ ያንጠባጥባል ነበር ያልኩህ።"

"በቧንቧ ይለቀሳል?"

"ደክሞኝ ነበር።"

ተነስቶ መፍቻውን ይዞ ሄደ። እቃ ማጠቢያው ሥር ተንበርክኮ፣ በዚያ በሚያመው ጉልበቱ፣ ጭንቅላቱን አስገብቶ ብዙ ቆየ።

"ጠብ የሚል ነገር የለም" አለኝ ከውስጥ። "ቢኖር እሰማው ነበር።"

"እንግዲያው በራሱ ቆሟል" አልኩት።