ስትሞቅ ራሷ ትወርዳለች

ኅዳር 11 ቀን 1976፣ ሰኞ
የደሴ ብርድ ጣት ይቆርጣል። ካቻቪቴ መያዝ አቃተኝ። የመሥሪያ ቤቱን ጂፕ የሚነዱት ጋሽ እንድሪስ እንደ ልማዳቸው ሞተር አስነስተው ጋቢና ውስጥ ቁጭ ብለዋል። ሩብ ሰዓት ሙሉ። ጋራዡ ሁሉ ይስቅባቸዋል። እኔም። "ሙሽራ ሊያወጡ ነው እንዴ ጋሼ?" አልኳቸው። "ትሙቅ ልጄ፣ ትሙቅ።"

ኅዳር 12፣ ማክሰኞ
ጂፗ ከአዲስ አበባ የመጣውን ተቆጣጣሪ ኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ ልታደርስ ነበር። ገና እንደተነሳች ትጮኻለች። አለቃችን ጓድ በላቸው መጣ። "ቤንዚን በራሽን እየተቀዳ፣ ነዳጅ ሳይረገጥ ይህ ሁሉ ጩኸት? ቆማ የምትዞርበትን ሚኒሞ አውርደው።"
ጋሽ እንድሪስ በመስኮት ብቅ አሉ። "ተዋት ልጄ። በርዷት ነው። ስትሞቅ ራሷ ትወርዳለች።"
ልክ ናቸው። አውቃለሁ። ሞተር ሲበርደው ዘይቱ ይወፍራል፣ ቤንዚኑ በደንብ አይተንም። ቾኩ አየሩን ይዘጋና ቤንዚኑን ያበዛለታል፣ የሞተሩንም ዙር ከፍ አድርጎ ይይዝለታል። ሲሞቅ ቾኩ ይከፈታል፣ ዙሩ ይወርዳል። ይህንን ስንቱን ሰው አስተምሬአለሁ… ግን ጓድ በላቸው አጠገቤ ቆሟል። የሚኒሞውን ብሎን ሁለት ዙር ፈታሁት። ጩኸቱ ቀነሰ። "አየህ?" አለኝ። ደስ አለኝ። ለራሴ ምን እዋሻለሁ፣ ደስ አለኝ።

ኅዳር 13፣ ረቡዕ
ጋሽ እንድሪስ ታሰሩ።
ትናንት የሐረጎን ቁልቁለት በደህና ወርደው ኮምቦልቻ መግቢያ ኬላው ላይ ሲቆሙ ጂፗ ጠፋች። እግራቸውን ከነዳጁ ላይ ባነሱ ቁጥር ትጠፋለች። ባትሪው አለቀ። ሰው ገፍቶ እስኪያስነሳት አውሮፕላኑ ሄዷል። ተቆጣጣሪው "አሻጥር" ብሎ ጻፈ። ሃያ ሁለት ዓመት የነዱ ሰው… በአሻጥር የተያዘ ሰው ምን እንደሚገጥመው ማን ያጣዋል?
ብርድ ላይ እያለች ዙሩን ስላወረድኩት፣ ስትሞቅ ሳትጠፋ የምትቆምበት ዙር አልቀራትም። ይኼው ነው። ማንም አልጠየቀኝም።

ኅዳር 14፣ ሐሙስ
የጋሽ እንድሪስን ጉዳይ የሚያየው ኮሚቴ ቢሮ በር ድረስ ሄጄ ተመለስኩ።

ኅዳር 15፣ ዓርብ
ሚስታቸውን እትዬ ጣይባን ሆጤ መንገድ ላይ አገኘኋቸው። ለእስረኛው ምሳ ይዘዋል።
"አንተ መካኒክ ነህ። መኪናዪቱ ምን ሆና ነው?"
"እያየናት ነው…"
"እንድሪስስ ማንም አልነካት፣ አርጅታ ነው ብሏቸዋል።"
ማንም አልነካት? ስሜን አላነሱም ማለት ነው። ፊቴ ተለዋውጦ ነው መሰል፣ "አብሽር ልጄ፣ አላህ ያውቃል" ብለው አጽናኑኝ። እሳቸው እኔን። አፈርኩ። ፈሪ ነኝ።

ኅዳር 18፣ ሰኞ
ጠዋት ኮሚቴው ፊት ጂፗን በብርዱ አስነሳሁ። በደህና ዞረች። "ታዲያ ምን ሆነች?" አለ ሰብሳቢው። "ትንሽ ይታገሱኝ" አልኩ። አምስት ደቂቃ… ስምንት… ቾኩ ሲከፈት ዙሩ ወረደ፣ ተንቀጠቀጠች፣ ጠፋች። እንደሞቀች ብሎኑን መልሼ አጠበቅሁት። አስነሳኋት። አልጠፋችም።
"ማነው የፈታው?"
"እኔ።"
"ማን አዘዘህ?"
ጓድ በላቸው መሬት መሬቱን ያያል። እሱም የልጆች አባት ነው… "ካቻቪቴው በእኔ እጅ ነበር" አልኩ። ኮፈኑን ዘጋሁ።

ኅዳር 21፣ ሐሙስ
ጋሽ እንድሪስ ተፈቱ። እኔ አልታሰርኩም። ከመካኒክነት ተነስቼ ኮምቦልቻ፣ ጎማ ለጣፊ። ሄጄ ልሰናበታቸው? አልደፈርኩም።

ጥር 3፣ ሐሙስ
ጎማ ስለጥፍ ጂፗ መጥታ ፊት ለፊቴ ቆመች። ጋሽ እንድሪስ ወረዱ። ከስተዋል። ከዚያ ወዲህ መተያየታችን ዛሬ ነው። ይቅርታ ልል አፌን ስከፍት ቁልፉን ዘረጉልኝ።
"እስቲ እያት። ሰሞኑን ታስቸግረኛለች።"
"ጋሼ፣ እኔ አሁን ጎማ ለጣፊ ነኝ እኮ። ደሴ አዲስ መካኒክ መጥቶ የለም?"
"መጥቷል። ጎበዝ ነው አሉ።"
"ታዲያ?"
"ተሳስቼ አላውቅም ይላል" አሉና ኮፈኑን ራሳቸው ከፈቱልኝ።